የተረፈን መብራት ጋዝ አድርጎ ስለመቅበር

ለተከበራችሁ የዝግጅት ክፍል፣

«የተረፈውን መብራት ጋዝ አድርገን ከመሬት በታች እናስቀምጥ» የሚለው ሐሳብ ሰሞኑን ደጋግሞ ይነሳል። ቴክኖሎጂው አለ። ሂሳቡ ግን በምጣድ ይታይልን።

ውሃን በኤሌክትሮላይሲስ፣ ማለትም መብራት አሳልፎ ሰንጥቆ 1 ኪሎ ሃይድሮጅን ለማውጣት 10 ሊትር ገደማ ንጹሕ ውሃና 54 ኪሎዋት ሰዓት ያህል መብራት ይፈጃል። ሃይድሮጅኑ ከ5.5 ኪሎ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋር ተቀላቅሎ፣ ከ300 እስከ 400 ዲግሪ በጋለ ኒኬል ላይ ሲያልፍ 2 ኪሎ ሚቴን የተባለ የሚነድ ጋዝ ይወጣዋል። ይህ ሚቴን 28 ኪሎዋት ሰዓት ሙቀት ይይዛል፤ በጥሩ ተርባይን ቢነድ የሚመልሰው መብራት 15 ኪሎዋት ሰዓት ቢሆን ነው። የቤት ምጣድ 3.5 ኪሎዋት ይስባል ብንል፣ 15 ሰዓት ሊያጋግር የነበረ መብራት 4 ሰዓት ብቻ አጋግሮ ያልቃል። ጋዙን ለመጭመቅና ካርቦኑን ለመሰብሰብ የሚወጣውን ገና አልቆጠርንም።

ማከማቻውም እንዲሁ ጉድጓድ ቆፍሮ መክደን አይደለም። በእንግሊዝ ቲሳይድ ከ1972 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሃይድሮጅን የሚቀመጠው በጨው ድንጋይ ውስጥ በተሠሩ ዋሻዎች ነው። እስከ ጨው ንብርብሩ ይቆፈራል፣ የብረት ቧንቧ ይወርድና ዙሪያው በሲሚንቶ ይሞላል፣ ከዚያ ውሃ እየገባ ጨውን ያሟሟል። 1 ሜትር ኩብ ጨው ለማሟሟት ወደ 8 ሜትር ኩብ ውሃ ይሄዳል፤ የሚወጣው ጨዋማ ውሃ የት ይደፋል? ዋሻው እንዳይጨፈለቅ ደግሞ ከጋዙ ሲሶ ያህሉ ሁልጊዜ እዚያው ይቀራል፤ ገንዘቡ ተከፍሎ የማይነካ ጋዝ ማለት ነው። ሲያፈስ ብዙ ጊዜ የሚያፈሰው በዋሻው ግድግዳ ሳይሆን በቧንቧው ዙሪያ ባለው ሲሚንቶ ነው። ሰልፌት የተባለው ድኝ ያለበት ማዕድን ካለ ደግሞ ባክቴሪያዎች ሃይድሮጅኑን እየበሉ የበሰበሰ እንቁላል የሚሸት ጋዝ ይሠራሉ፤ ይህ መርዝ ነው፣ ብረትንም ይበላል።

አዲስ አበባ ሥር ያለው ጨው ሳይሆን የተሰነጣጠቀ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው። ፍል ውሃ ከጥልቅ የሚወጣበት ስንጥቅ ለጋዝም መንገድ ይሆናል። ዳናክል ጨው ሞልቶታል፤ ነገር ግን ምድሩ ይግላል፣ ይንቀጠቀጣልም፤ እኛ ዋሻ አንሠራበትም።

ደግሞስ ማከማቻ መች አጣን? የህዳሴው ግድብ 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውሃ ይይዛል። አዳማ ላይ ነፋሱ ሲበረታ የግድቡን ተርባይን ቀነስ ማድረግ ብቻ ይበቃል፤ ያልወረደው ውሃ ማታ ይሠራል፣ ኪሳራውም ከጋዙ ጋር የሚወዳደር አይደለም። ለዚህ የሚያስፈልገው አስተማማኝ የነፋስ ትንበያና የማያቋርጥ ማስተላለፊያ መስመር ነው።

ክረምት ላይ ግድብ ሞልቶ ውሃ በማፍሰሻው ሲሄድ ግን ነገሩ ይለያል፤ ያ መብራት በእርግጥም ትርፍ ነው። ሃይድሮጅን ከተመረተበትም መልሶ ከማንደድ ማዳበሪያ ማድረግ ያዋጣል። ግብፅ አስዋን ላይ ከግድብ መብራት እንዲህ አድርጋ አምርታበታለች። የማዳበሪያው ጥሬ ዕቃ ለሆነው አሞኒያ፣ ለ1 ቶን 177 ኪሎ ሃይድሮጅን ይበቃል፤ አሞኒያው ደግሞ ከዜሮ በታች 33 ዲግሪ ቀዝቅዞ ከመሬት በላይ በብረት ታንከር ይቀመጣል፤ ዋሻ አይጠይቅም።

የኃይል ምህንድስና ባለሙያዎች
ከአራት ኪሎ፣ አዲስ አበባ