ለበግ ሚዜ የሆንኩበት ጉዳይ

ይድረስ ለውድ አባቴ፣

እንዴት ከረሙ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ሰላምታውን ላሳጥረው፤ ልቤ አላርፍ ብሎኛል። ለእህቴ ሰርግ የላክሁት ብር እስካሁን አልተነሳም። ስልኬን በከፈትኩ ቁጥር «ገና አልተወሰደም» ይላል። ስደውል እማዬ ታነሳና «አባትህ ወጣ ብለዋል» ትለኛለች። ከምሽቱ ሦስት ሰዓት፣ በዚያ የመንዝ ውርጭ፣ የት ነው የሚወጡት?

ምክንያቱን ከአጎቴ ልጅ ሰማሁ። ቪዲዮው መሐል ሜዳ ገብቷል አሉ። ገበያተኛው ስልክ እየተቀባበለ «የመሪጌታው ልጅ ለበግ ሚዜ ሆነ» እያለ ሲስቅ ዋለ።

አባባ፣ ፊልም ነው። ያውም የለየለት ቀልድ። አንድ ሀብታም ሽማግሌ ልጆቹ እንዳይወርሱት ብሎ በግ ያገባል። ልጆቹም ውርሱ እንዳያመልጣቸው በጓን «እንጀራ እናታችን» እያሉ እግሯን ይስማሉ። በመጨረሻ በጓ ከንቲባ ሆና ትመረጣለች። መሃል ላይ ለእርስዎ የማልጽፋቸው ነገሮች አሉ። ድግሱ ላይ እድምተኛው ሁሉ እርስ በርሱ ላይ ያስመልሳል። እሱ እንኳ የአትክልት ሾርባ ነው፤ በቱቦ ነው የሚረጩት። የኮቴ ኮሌታ ሽንኩርት ሽንኩርት እንደሸተተ ቀረ። ነውር ነው ካሉኝ አልከራከርም። የተሠራውም ነውር እንዲሆን ነው። ቄስ ግን የለበትም፣ መስቀልም የለበትም። ይህን አይቼ ነው የገባሁት።

ደግሞ የተቀጠርኩት ሚዜ ልሆን አልነበረም። ተቀምጠህ አጨብጭብ ነበር የተባልኩት። በጓ ቬሎ ሲያለብሷት አልቆም አለች። ጠረጴዛ ገለበጠች። አንገቷን በገመድ ይጎትቷታል እኮ! አላስቻለኝም። ተነስቼ እርስዎ እንዳሳዩኝ አንድ እጄን ከአገጯ ስር፣ ሌላውን ከኋላዋ አደረግሁ። የዚህ አገር በግ ላት የላትም፤ እጄ ባዶ ነገር ዳሰሰ። ብቻ ቀጥ ብላ ቆመች። ዳይሬክተሩ «ይሄ ሰውዬ አጠገቧ ይሁን» አለ። ክፍያውም በዚያው አደገ።

ቪዲዮው ላይ ፊቴን አኮሳትሬ ያዩኝም ከልቤ ሆኖ አይደለም። በዚህ ዓይነት ፊልም ተዋናይ ከሳቀ ቀልዱ ሞተ። እኛ ቁም ነገረኛ በመሰልን ቁጥር ተመልካቹ በሳቅ ይፈርሳል።

እንዲህ ያለው ነገር እዚህ አዲስ አይደለም። በፈረንጆች 1979 ሞንቲ ፓይተን የሚባሉ የእንግሊዝ ቀልደኞች «የብራያን ሕይወት» የሚል ፊልም ሠሩ። ጌታ በተወለደበት ዕለት ጎረቤት የተወለደ ሰውዬ በስህተት መሲሕ ነህ ይባላል። ገንዘብ ሊሰጣቸው የነበረው ኩባንያ ጽሑፉን ሲያይ ደንግጦ ሸሸ። ዘፋኙ ጆርጅ ሃሪሰን ቤቱን አስይዞ ከፈለላቸው። አየርላንድ እስከ 1987 አገደችው። ኖርዌይም አግዳው ነበር። ስዊድኖች ታዲያ «ኖርዌይ እስክታግደው ድረስ የሚያስቅ» ብለው ማስታወቂያ ሠሩበት። ሰው ለቀልድ ቤቱን ያስይዛል፤ እኔ ደግሞ ተከፍሎኝ ነው።

የአለቃ ገብረ ሃናን ቀልድ እየነገሩ ያሳደጉን እርስዎ አይደሉም? የተክሌን ዝማሜ ያወጡ ሊቅ ናቸው ይሉን ነበር። ከዚያ ቀልዱ ወደ ጓዳ ነገር ሲገባ እማዬ ጆሯችንን ትደፍን ነበር። እርስዎ ግን አላቋረጡም።

እኔን የሚያስጨንቀኝ እህቴ ናት። የሞላሌዎቹ አማቾች ቪዲዮውን አይተው ፊት ነሷት ወይ? እሷ «ምንም የለም» ትላለች። የእሷን «ምንም የለም» እኔ አውቀዋለሁ። ሽማግሌ ቃል ከተቀበለ በኋላ በበግ ምክንያት የሚፈርስ ጋብቻ ካለ ግን ቀድሞም አልነበረም። ጥሎሹ መጥቶ ሲታይ ማን ነው የሚቆጥረው? በሩን ዘግቶ ሚዜዎቹን የሚያስለምነው እኔ ነበርኩ። ያንን ለአጎቴ ልጅ አትስጡት፣ ቶሎ ይለቃል። ያን ቀን የፊልሙ ሰርግ ላይ መብራቱ፣ አበባው፣ ወንበሩ ሲደረደር የእሷ መሰለኝና ዓይኔ ቅጥል አለ። ሾርባው ነው አልኳቸው።

ሥራዬ ደህና ነው። የሌሊት ፈረቃውንም ለምጄዋለሁ፤ ወገቤም ተሽሎኛል። ይህን ለእማዬ አይንገሯት።

ከብሩ ላይ ለዓይንዎ የሚሆን ለይቻለሁ። ደብረ ብርሃን ወርደው ይታዩ። ሞራው ሳይበረታ ቢነሳ ይሻላል ብለውኛል። ድጓውን በቃል ይዘውታል፣ አውቃለሁ። የሙሽራዋን ፊት ግን በቃል አይይዙትም።

ሰርጉ ከዐቢይ ጾም በፊት ስለሆነ ጊዜ የለም። የበግ ብር ነው ብለው ከተጸየፉት፣ መንዝ ውስጥ የበግ ብር ያልሆነ ብር ማን ኪስ እንዳለ ይንገሩኝ። አማቾቹም ስለ ነገሩ ከጠየቁ «ሚዜው ልጄ ነው፣ ሙሽራዋን ግን አናውቃትም» ይበሏቸው።

ልጅዎ፣ ከስቶክሆልም