ሃዲዱ በተነሣበት መንገድ በብስክሌት

ውድ አባዬ፣

እንደምን ከርመሃል? ጉልበትህስ? እማዬ በስልክ «ደህና ነው» ትለኛለች፤ እኔ ግን አንተው ራስህ ስትለው ነው የማምነው። ባለፈው ስለ ጉዞዬ ልነግርህ ስጀምር ኔትወርኩ እየተቆራረጠ ተውነው። በደብዳቤ ይሻላል ብዬ ነው። መነጽርህን አድርገህ፣ ተረጋግተህ ታነበዋለህ።

የሄድኩበት የፈረንሳይ ክፍል ቡርጎኝ ይባላል፣ እኔ ካለሁበት ከሊዮን በስተሰሜን ነው። ብስክሌቴን በክልሉ ባቡር ጭኜ ሻሎን የምትባል ከተማ ወረድኩ። ከዚያ በኋላ በፔዳል ወደ ደቡብ፣ እስከ ማኮን። ልብሴንና ድንኳኔን ከኋላ በሁለት ቦርሳ አሰርኩ። ሌላ ምንም አልያዝኩም።

አንተ እንድታውቅልኝ የፈለግሁት ግን መንገዱን ነው። የባቡር መንገድ ነበር አባዬ! ድሮ ከሻሎን በክሉኒ በኩል ወደ ማኮን የሚሄድ መለስተኛ መስመር ነበረ። መኪና ሲበዛ ተሳፋሪ አጣና ተዘጋ፣ ሃዲዱም ተነሣ። ከዚያ ግን ቁጥቋጦ እንዲበላው አልተዉትም። አስፋልት አልብሰው ለብስክሌትና ለእግረኛ ሰጡት። ከዢቭሪ እስከ ክሉኒ ያለው 44 ኪሎ ሜትር በ1997 (በፈረንጆቹ ነው የምቆጥረው) ተከፈተ፤ በፈረንሳይ የዚህ ዓይነት የመጀመሪያው መንገድ እሱ ነው። «ቯ ቬርት» ይሉታል፣ አረንጓዴ መንገድ ማለት ነው። ዛሬ በየክልሉ እንዲህ ያለ መንገድ ሞልቷል። መኪና አይገባበትም፤ ልጅ የያዙ እናቶች፣ ባለ መንኮራኩር ጫማ ያደረጉ ጎረምሶች፣ ከዘራ የያዙ ሽማግሌዎች ናቸው የሚሄዱበት።

የቀረውን፣ የባቡር ሠራተኛ ነበርክና፣ አንተ ከእኔ በላይ ታውቀዋለህ። ባቡር ዳገት አይወድም። መሐንዲሱ ኮረብታ ሲገጥመው ወይ ይዞረዋል፣ ወይ ይቆርጠዋል፣ ወይ ይበሳዋል፤ ጎድጓዳ ሲገጥመው አፈር ይሞላል፣ ድልድይ ይሠራል። ድሬዳዋስ በዚሁ ምክንያት አይደል የተወለደችው? ባቡሩ ሐረር እንዲደርስ ነበር የታሰበው፣ ተራራው አላስወጣ ሲል ከሥሩ ቀረ፣ በ1902 ሃዲዱ እዚያ ደረሰና ከተማችን ተቆረቆረች። ይህን ያስተማርከኝ አንተ ነህ። እዚህም ስነዳ ይኸው ነው የሚታየኝ፤ ግራና ቀኝ ኮረብታ አለ፣ የወይን ማሳው ሽቅብ ይወጣል፣ መንደሮቹም ከፍ ብለው ተቀምጠዋል፣ እኔ ግን ከሥራቸው በተስተካከለ መንገድ ማርሽ እንኳን ሳልቀይር እሄዳለሁ፣ ምክንያቱም የባቡር ሰዎች ስንት ዘመን ቀድመው ድንጋዩን ቆርጠውልኛል፣ ሸለቆውን ሞልተውልኛል። ሥራቸው ዛሬም ሰው ያሳርፋል። ይህን ለአንተ መንገር ፈልጌ ነው እንቅልፍ ያጣሁት።

ጣቢያዎቹም አሉ። የመሳፈሪያው ድንጋይ ጠርዝ እንኳን ሳይነካ ተቀምጧል፣ ከጎኑ ሣር በቅሎ። አንዳንዱ ጣቢያ ሰው ይኖርበታል፣ አንዳንዱ ብስክሌት ማከራያና ምግብ ቤት ሆኗል። መንገድ ሃዲዱን በሚያቋርጥበት ቦታ ደግሞ የመዝጊያ ጠባቂዎቹ ትንንሽ ቤቶች ዛሬም ቆመዋል፤ በረንዳቸው ላይ አበባ አለ። እያንዳንዱ ጋ ስደርስ እቆም ነበር። የእኛም መስመር ትዝ እያለኝ ነው። ከጅቡቲ አዲስ አበባ 784 ኪሎ ሜትር፣ ስንት ጣቢያ፣ ስንት ሰው ያደገበት! አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር መጣ፣ ጥሩ ነው፣ ደስ ይለኛል። ግን አሮጌዎቹ ጣቢያዎች እንዲሁ እንዲፈርሱ አልፈልግም። በረሃውን በብስክሌት ማቋረጥ ቀላል ነው እያልኩህ አይደለም፣ ሙቀቱን አውቀዋለሁ። አንድ ጣቢያ ቤተ መጻሕፍት ቢሆን፣ አንዱ ሻይ ቤት ቢሆን፣ ያ ብቻ ይበቃኛል።

አገሩ ከሰሜን ሲጀመር ወይን ነው፣ ዢቭሪ፣ ቡክሲ። ወደ ደቡብ ስትወርድ ግጦሽ ይሆናል፣ ሻሮሌ የሚባሉ ነጫጭ ላሞች በጥላ ተኝተው ያያሉ። ቴዜ የምትባል ትንሽ መንደር አለች፤ የመነኮሳት ማኅበር አለባት፣ ከዓለም ዙሪያ ወጣቶች እየመጡ አብረዋቸው ይጸልያሉ። እኔም ለማታ ጸሎት ገባሁ። አንዲት አጭር መዝሙር ደጋግመው ደጋግመው ያዜማሉ፣ ከዚያ ረጅም ዝምታ። እማዬን አስታወሰኝ፣ ንገራት።

ክሉኒ ላይ ደግሞ አዘንኩ። በ910 የተመሠረተ ገዳም ነበረ፤ ቤተ ክርስቲያኑ የሮማው ቅዱስ ጴጥሮስ እስኪሠራ ድረስ በምዕራቡ ክርስትና በትልቅነት የሚስተካከለው አልነበረም። ከፈረንሳይ አብዮት በኋላ ሸጡት፣ አፈረሱት፣ ድንጋዩን ለግንባታ ወሰዱት። ዛሬ አንድ ክንፍና ጥቂት ግንብ ብቻ ቀርቷል። እዚያ ቆሜ ያለቀው ነገር ምን ያህል እንደነበረ በዓይኔ ለመለካት ሞከርኩ፣ ከተማው ሁሉ ውስጡ ይገባል።

ከክሉኒ ወደ ማኮን ቧ ክሌር የሚባል የባቡር ዋሻ አለ፣ 1,600 ሜትር ገደማ። መብራት አለው። ውጭው ሲያቃጥል ውስጡ ይበርዳል፣ ጃኬት ያስፈልጋል። በብርዱ ወራት ይዘጉታል፣ ለምን መሰለህ? የሌሊት ወፎች ስለሚተኙበት! ያኔ ብስክሌተኛው በተራራው ላይ ይዞራል። እኔ ክፍት ሆኖ ነው ያገኘሁት፤ ድምፄን ከፍ አድርጌ ስምህን ጠራሁ፣ ግድግዳው እየተቀባበለ ወሰደው።

ስለ ምግብና ውሃ አትጨነቅ። ገጠር ሱቅ ቀትር ላይ ይዘጋል፣ ሰኞ ዳቦ ቤቱም ብዙ ጊዜ ዝግ ነው፣ ስለዚህ እሑድ ዳቦ ይዞ ማደር ነው። ውሃ ሲያልቅ መቃብር ቦታ መሄድ ነው፤ ለአበባ ማጠጫ ቧንቧ አለ፣ «አይጠጣም» የሚል ካልተጻፈበት ብስክሌተኛው ሁሉ ከዚያ ይቀዳል። መጀመሪያ ከበደኝ፣ አማትቤ ቀዳሁ።

እና አሁን ዋናው ነገር። በስልክ «በዚህ ዕድሜ ብስክሌት? እግሬስ?» ብለኸኛል። አቦ፣ ስማኝ! ከከዚራ ሰፈር እስከ ባቡሩ ወርክሾፕ ስንት ዓመት በብስክሌት ተመላልሰሃል። መንገዱ ላይ ያየኋቸው ግማሾቹ የአንተ እኩዮች ናቸው፣ ባልና ሚስት ቦርሳቸውን ጭነው። ባትሪ ያለው ብስክሌት ይከራያል፤ ሞተር ሳይክል አይደለም፣ ፔዳሉን ስትረግጥ ብቻ ነው የሚያግዝህ፣ በሰዓት 25 ኪሎ ሜትር ላይ ስትደርስ እገዛውን ያቆማል። በቀን ሃያ ኪሎ ሜትር ሄደን ጥላ ሥር ምሳ በልተን፣ አልጋ ይዘን እናድራለን። ለብስክሌተኛ የሚመቹ ማረፊያዎች ምልክት አላቸው፣ ከመንገዱ ከ5 ኪሎ ሜትር አይርቁም። ከፋሲካ በኋላ ዋሻው ክፍት ነው፣ ድሬም ያኔ ትጋገራለች፣ ና። የቪዛውን ወረቀት እኔ አዘጋጃለሁ፣ አንተ ፓስፖርትህን ብቻ አሳድስ።

ደግሞ የሚጠብቅህ ሰው አለ። ኮርማቲን አጠገብ አሮጌው ጣቢያ ላይ አንድ ሽማግሌ አግኝቻለሁ፣ ጡረታ የወጡ የባቡር ሠራተኛ ናቸው። ከየት ነሽ አሉኝ፤ ከኢትዮጵያ፣ የባቡር ሠራተኛ ልጅ ነኝ አልኳቸው። ቀና ብለው አዩኝና «የሃዲዱ ስፋት ስንት ነው?» አሉኝ። አንድ ሜትር! ብዬ ሳልጨርስ «እንደ ኮርሲካ!» ብለው ጉልበታቸውን መቱ፤ የዚያች የፈረንሳይ ደሴት ሃዲድም አንድ ሜትር ነው። ከዚያ ጥያቄው ዘነበ። ከናፍጣ ሎኮሞቲቮቹ በፊት የነበሩት የእንፋሎቶቹ የት ደረሱ? የወርክሾፑ መሣሪያዎች ዛሬም ይሽከረከራሉ? የአዋሹን ድልድይ ማን ይጠግን ነበር? እኔ የማውቀውን ነገርኳቸው፣ የቀረውን አባቴን እጠይቃለሁ አልኩ። አድራሻቸውን በወረቀት ጽፈው ሰጡኝ።

ስለዚህ መልሱን በፈረንሳይኛ ጻፈው፣ እጅህ ላይ ያለው ፈረንሳይኛ ከእኔ ይሻላል። የወርክሾፑ ፎቶ ካለህ ጨምርበት፣ ያንን አጎቴ ጋር ያለውንም። እንዳለ እልክላቸዋለሁ።

እማዬን ሳምልኝ።

ልጅህ