ብልቃጡን ይዛ ለመጣችው ልጅ፣ ለእናንተም ለሁላችሁ

ይህን ደብዳቤ ከየካቲት ጀምሮ ስጽፍ ስሰርዝ ቆየሁ። እንጀራና ሽሮ ይዛችሁ በሬን ያንኳኳችሁ፣ በጸሎታችሁ ያሰባችሁኝ፣ ስልክ ባላነሳም ደጋግማችሁ የደወላችሁ ብዙ ናችሁ። ምን እንደሆንኩ አልነገርኳችሁም፤ እናንተም አላስጨነቃችሁኝም። ዛሬ ልንገራችሁ። ሳልናገር ባመሰግን ምስጋናዬ ጎዶሎ ይሆናል።

እናቴ ባለፈው ጥቅምት አረፈች። መርዶውን ያረዳችሁኝ እናንተው ናችሁ። ቅዳሜ ገና ሳይነጋ፣ ነጠላችሁን አዘቅዝቃችሁ በሩ ላይ ስትቆሙ፣ አፋችሁን ሳትከፍቱ ገባኝ። ወረቀቴ ስላላለቀ ለቀብሯ መሄድ አልቻልኩም። ሦስት ቀን ሐዘን ተቀመጥኩ፣ በአራተኛው ቀን ሥራ ገባሁ። ሥራዬን ታውቁታላችሁ፤ እዚህ አሜሪካ፣ አሌክሳንድሪያ ከተማ አንዲት አዛውንት እንከባከባለሁ። የሰው እናት ሳጥብ፣ ሳለብስ፣ ሳበላ፣ የእኔን እናት እጇን እንኳ ሳልይዝ መቅረቴ አንጀቴን ይበላው ነበር።

ከዚያ ሐዘኑ ሌላ ነገር ሆነ። ማልቀስ አቆምኩ። እንቅልፍ ጠፋ። ፀጉሬን መሠራት ተውኩ። የቡና ሽታ አስጠላኝ፤ እኔ፣ ቡና የማልጠግበዋ! ሐኪም ዘንድ ስሄድ ድባቴ ነው አለችኝና ሰርትራሊን የሚባል መድኃኒት አዘዘችልኝ፣ በቀን 50 ሚሊግራም። ወሰድኩት፣ ግን ደብቄ። ባደግኩበት ሰፈር «አማኑኤል ሆስፒታል ሄደች» የተባለ ሰው ስሙ እስከ ዘመዶቹ ድረስ ይነሳበት ነበር። ያ ነገር ከእኔ ጋር ውቅያኖስ ተሻግሯል። መድኃኒቱን የበርበሬ ቆርቆሮ ጀርባ አስቀምጬ፣ አብራኝ የምትኖረው ልጅ ስትተኛ ነበር የምውጠው።

አሁን ወደ እርስዎ ልምጣ፣ እትዬ። ያቺን ብልቃጥ የሰጡኝ እርስዎ ነዎት። ከታመምኩ ወዲህ ዓይኔን ማየት እንደከበደዎት አውቃለሁ። በሁሉም ፊት እመሰክራለሁ፦ የሰጡኝ በፍቅር ነው። «አንቺ ልጅ ከስተሻል፣ ይቺ ከተፈጥሮ ናት፣ አሚኖ አሲድ ናት፣ ለእኔ ለእንቅልፍ ጠቅማኛለች» አሉኝ። ሌላ የምወስደው ነገር እንዳለ ጠይቀውኛል። «የለም» ያልኩት እኔ ነኝ። ከመከራዬ ሁሉ ውስጥ መጀመሪያ «ከስተሻል» ያለኝ ሰው እርስዎ ስለሆኑ አመሰግንዎታለሁ።

ብልቃጧ ውስጥ የነበረው ፋይቭ ኤችቲፒ ይባላል። የሚወጣው ከአንድ የምዕራብ አፍሪካ ተክል ዘር ነው። ነገሩን ያስረዱኝ ፋርማሲስቱ ጋሼ ናቸው። ከሆስፒታል ከወጣሁ በኋላ መደርደሪያው ጋ ቆመው፣ ሰው ተሰልፎ እየጠበቀ፣ ሳይቸኩሉ በአማርኛ ነገሩኝ። ትሪፕቶፋን የሚባል አሚኖ አሲድ አለ። ሰውነታችን ራሱ አይሠራውም፤ ከእንቁላሉ፣ ከምስሩ፣ ከሽሮው ነው የሚያገኘው። ከዚያ ወደ ፋይቭ ኤችቲፒ፣ ቀጥሎም ወደ ሴሮቶኒን ይለውጠዋል። ሴሮቶኒን በአንጎል ውስጥ ከስሜትና ከእንቅልፍ ጋር የተያያዘ ንጥረ ነገር ነው። ሰርትራሊን ደግሞ የተለቀቀው ሴሮቶኒን ቶሎ ተመልሶ እንዳይመጠጥ ያደርጋል። እኔ በአንድ በኩል ቧንቧውን ከፍቼ፣ በሌላ በኩል መውረጃውን ደፍኜ ነበር። ገንዳው ሞልቶ ፈሰሰ።

ጋሼ፣ «ታዲያ ይህ ነገር ለድባቴ አይጠቅምም ማለት ነው?» ብዬ ስጠይቅዎ አልሳቁብኝም። እ.ኤ.አ. በ2002 ተመራማሪዎች በትሪፕቶፋንና በፋይቭ ኤችቲፒ ላይ የተሠሩ 108 ጥናቶችን ሰብስበው፣ ጥራታቸው የሚያስተማምነው 2 ብቻ ሆነው እንዳገኟቸው ነገሩኝ። በሁለቱ ውስጥ የነበሩት ታካሚዎች በድምሩ 64 ናቸው። ውጤቱ ተስፋ ያለው ቢመስልም ሰው ሕይወቱን የሚጥልበት አይደለም አሉኝ። እ.ኤ.አ. በ1989 እዚሁ አሜሪካ በትሪፕቶፋን እንክብል ምክንያት ከ1,500 በላይ ሰዎች ታመው ከ30 በላይ መሞታቸውን፣ ጥፋቱም ከአንድ አምራች ከመጣ የተበከለ ምርት ጋር መያያዙን የሰማሁት ከእርስዎ ነው። እንዲህ ያለ እንክብል፣ ከመድኃኒት በተለየ፣ ከመሸጡ በፊት መሥራቱን ለኤፍዲኤ፣ ማለትም ለአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት፣ ማረጋገጥ እንደማይጠበቅበትም አላውቅም ነበር። መደርደሪያ ላይ ካለ ተፈትሿል ብዬ ነበር የማስበው። ያስተማሩኝን ሁሉ እግዚአብሔር በዕድሜ ይክፈልዎት።

ያን ሌሊት ግን ይህን ሁሉ የት አውቄ። አንድ የነበረውን እንክብል ቶሎ ልዳን ብዬ በዚያ ቀን ሦስት አደረግኩት። ማታ ላብ አጠመቀኝ። ጥርሴ ተንገጫገጨ፣ እግሬ በራሱ ይፈናጠር ጀመር፣ ልቤ ከደረቴ ልትወጣ ደረሰች። ተቀመጥኩ፣ ተነሳሁ፣ አንድ ቦታ መርጋት አቃተኝ። ብርድ ነው ብዬ ጋቢ ደረብኩ።

አንቺ እህቴ፣ አብረሽኝ የምትኖሪው፣ ከሥራ ደክመሽ ገብተሽ ጫማሽን እንኳ አላወለቅሽም። ግንባሬን ነክተሽ አምቡላንስ ጠራሽ። ከዚያ የማልረሳውን ነገር አደረግሽ። ትራሴ ሥር ያለውን ብልቃጥ አወጣሽ፤ ቀጥ ብለሽ ወደ በርበሬው ቆርቆሮ ሄደሽ ሰርትራሊኑንም አነሳሽ። ለካ ከመጀመሪያው ታውቂ ነበር! አውቀሽም አንድ ቀን ፊትሽ አልተለወጠብኝም፣ ለማንም ትንፍሽ አላልሽም። ሁለቱን በፌስታል አድርገሽ ድንገተኛ ክፍል ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥሽ። ሐኪሟ ብልቃጦቹን አየች፣ እግሬን ወደ ላይ ገፋ ስታደርገው ቁርጭምጭሚቴ ብቻውን ደጋግሞ መታ፤ ያኔውኑ «ሴሮቶኒን ሲንድረም» አለች፤ ሴሮቶኒን በሰውነት ውስጥ ከልክ በላይ ሲበዛ የሚመጣ ሕመም ነው። ያ ፌስታል ባይኖር እኔ በዚያ መንቀጥቀጥ መሃል አልናገርም ነበር። ብችልም አልናገርም ነበር፤ አፍራለሁና።

ግሉኮሱን ሰክታ፣ የሚያረጋጋኝን መርፌ ሰጥታ፣ ሌሊቱን ሙሉ ስትመላለስ ላደረችው ሐበሻ ነርስ፦ ስምሽን እንኳ አልያዝኩም። «አይዞሽ፣ እኔም ወስጄ አውቃለሁ፣ የሚያሳፍር አይደለም» ያልሽኝ ቃል ከመርፌው እኩል ሠርቷል።

አባቴ፣ ቄሱ፣ ጸበሉን ይዘውልኝ መጥተው «መድኃኒቱንም እንዳትተዪ፣ እሱም የፈጣሪ ነው» ስላሉኝ እግዚአብሔር ያክብርልኝ። የማኅበሬ እህቶች፣ ያልሠራሁባቸውን ሳምንታት የቤት ኪራይ ስለከፈላችሁልኝ። የማስታምማቸው እናት ልጅ፣ ሥራዬን ለሌላ ሳትሰጥ ስለጠበቀችኝ። አዲስ አበባ ያለኸው ታናሽ ወንድሜ፣ በየማታው ደውለህ የእማዬን መቃብር በቪዲዮ ስላሳየኸኝ።

አሁን ሰርትራሊኑን በሐኪሟ ክትትል እንደገና ጀምሬያለሁ። በየሳምንቱ በአማርኛ የምታነጋግረኝ የሥነ ልቦና ባለሙያም አለችኝ። የምውጠው ሁሉ፣ ቫይታሚኑም ሳይቀር፣ ማቀዝቀዣው በር ላይ በወረቀት ተጽፎ ተለጥፏል። እንቅልፌ ሙሉ በሙሉ አልተመለሰም። ፀጉሬን ግን ትናንት ተሠርቻለሁ።

የእናቴ ሙት ዓመት ጥቅምት ላይ ነው። ቤቱ ጠባብ ነው፣ ተጠጋግተን እንቀመጣለን። እትዬ፣ እርስዎ እንዳይቀሩ፤ ከአጠገቤ ነው የምትቀመጡት። ቡናውን የማፈላው እኔ ነኝ።