ለተማሪ አዘጋጅ የሚሆን ተውኔት

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፦

በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተማሪዎች ራሳቸው የሚያዘጋጁት ተውኔት ብዙ ጊዜ የሚበላሸው መድረክ ላይ ሳይሆን ገና ድርሰቱ ሲመረጥ ነው። ጀማሪ አዘጋጅ የሚወደውን ረጅም ሥራ ያነሳል፤ የጥናት ሰዓቱን ግን አያሰላም። ለአንድ ደቂቃ ትርኢት ቢያንስ የአንድ ሰዓት ጥናት ይያዝ። በሳምንት 3 ቀን፣ በቀን 2 ሰዓት፣ ለ6 ሳምንት ቢገናኙ 36 ሰዓት ብቻ ነው። ስለዚህ ከ30 እስከ 35 ደቂቃ የሚወስድ ባለ አንድ ገቢር (አንድ ዋና ክፍል ብቻ ያለው) ተውኔት ይበቃቸዋል። ርዝመቱን በገጽ ብዛት መገመት ያሳስታል፤ ጮክ ብለው እያነበቡ በሰዓት ይለኩት፣ ለእንቅስቃሴና ለዝምታም ጥቂት ደቂቃ ይጨምሩበት።

ቀጥሎ ማን በየትኛው ትዕይንት እንደሚገባ በሰንጠረዥ ይጻፍ። ሁሉም ገጸ ባሕርያት ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ መድረክ ላይ የሚቆዩበት ድርሰት፣ አንድ ተማሪ በቀረ ቁጥር ጥናቱን ያስተጓጉላል። ሁለት ሦስት ሰው ብቻ የሚነጋገርባቸው ትዕይንቶች ያሉት ግን ተከፋፍሎ ይጠናል። ከንግግሩ ግማሹን አንድ ሰው የሚሸከምበትንም መተው ይሻላል፤ ያ ተማሪ ቢታመም የሚተካው የለም።

የደራሲው ፈቃድ ተዋንያን ከመመረጣቸው በፊት በጽሑፍ ይጠየቅ። መግቢያው ነጻ ቢሆንም መጠየቁ ይሻላል፤ ትዕይንት ቆርጦ ማውጣትም እንዲሁ ይጠየቅበታል።

አዘጋጁም ዋናውን ገጸ ባሕርይ አይጫወት። ድምፁ እስከ ኋላ ወንበር መድረሱን፣ ተዋንያኑም እርስ በርስ መጋረዳቸውን ከተመልካች ቦታ ሆኖ የሚያይ ሰው ያስፈልጋል።