ስለ 10ኛ ክፍል ተማሪዎች ጉብኝት ለወላጆች

ውድ ወላጆችና አሳዳጊዎች፣ እንደምን ሰነበታችሁ። ልጆቹ ነግረዋችሁ ይሆናል፣ የፊታችን ቅዳሜ 10ኛ ክፍሎችን ይዘን ስድስት ኪሎና መስቀል አደባባይ ልንወጣ ነው። ቴሌግራም ግሩፑ ላይ "ትሪፕ ከሆነ ቢሾፍቱ አትወስዷቸውም ወይ፣ አጥንት ማየት ምን ይሰራላቸዋል" ብላችሁ የጻፋችሁ አላችሁ፣ ጥያቄያችሁ ተገቢ ስለሆነ ነው ዛሬ ረዘም አድርጌ የምጽፍላችሁ።

ነገሩ የመጣው ከክፍል ነው። ስለ ይቅርታ ተፈትነው ሁሉም "ይቅርታ መልካም ነው" ብለው ጽፈው ሙሉ ማርክ አገኙ፣ በሳምንቱ በአንድ ቻርጀር የተጣሉት ልጆች ግን እስከ ዛሬ አይነጋገሩም። ስለዚህ ይቅርታ የምር ከባድ የሆነበትን ቦታ ይዩት ብለን ተነጋገርን።

መጀመሪያ የሰማዕታት ሀውልት ነው። የካቲት 12 ቀን 1929 አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም የፋሺስት ጣሊያን ገዢ በነበረው ግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከወረወሩ በኋላ ጣሊያኖች በሦስት ቀን ውስጥ 30 ሺህ ያህል ሰው እንደጨፈጨፉ ነው የእኛ ታሪክ የሚናገረው፣ ሀውልቱ ላይ የተቀረጹትን ምስሎች ቀስ ብለው ዞረው ያዩታል። ከዛ ዩኒቨርሲቲው ግቢ፣ ያው ቦምቡ የተወረወረበት የድሮው ቤተ መንግስት። እዛ ሙዚየሙ ፊት ለፊት የትም የማያደርስ ደረጃ አለ፣ ጣሊያኖች ናቸው የሰሩት፣ እያንዳንዱ እርከን የፋሺስት አገዛዝን አንድ አመት ይቆጥራል። ከነፃነት በኋላ የእኛ ሰዎች አላፈረሱትም፣ አናቱ ላይ የይሁዳ አንበሳ አስቀመጡበት፣ በቃ። እኔን ከስንት ሌክቸር ይልቅ ይቺ ደረጃ ናት የምታስተምረኝ።

ጃንሆይም ሚያዝያ 27 ቀን 1933፣ ጠላት አዲስ አበባ በገባ ልክ በአምስት አመቱ፣ ሲመለሱ ክፉን በክፉ እንዳትመልሱ ብለው ህዝቡን ለመኑ፣ ብዙ ጣሊያንም እዚሁ ቀርቶ ሰርቶ ኖረ። ግራዚያኒ ግን እዚህ ለሰራው አንድም ቀን ፍርድ ቤት አልቆመም፣ አገሩ 1950 እ.ኤ.አ. የፈረደበት ከናዚ ጋር ስለተባበረ ነው፣ ከሱም በጥቂት ወር ውስጥ ተፈታ። ልጆቹ "ይቅርታ ያልጠየቀ ሰው ይቅር ይባላል ወይ" ማለታቸው አይቀርም፣ መምህራኑን መልስ እንዳትሰጧቸው ብያለሁ፣ ይከራከሩበት።

ከባዱ ከሰዓቱ ነው፣ የቀይ ሽብር ሰማዕታት ሙዚየም፣ ደርግ ተቃዋሚዎቼ ናቸው ያላቸውን የፈጀበት ዘመን ማስታወሻ። ግድግዳው ሙሉ የወጣቶች ፎቶ ነው፣ አንዳንዶቹ የልጆቻችን እኩያ፣ በመስታወት ውስጥ ደሞ ከጅምላ መቃብር የወጣ አጥንትና ልብስ አለ። እዚህ ገዳይም ሟችም የእኛው ነው። የደርግ ባለስልጣናት የሞት ፍርድ 2003 ላይ የሃይማኖት አባቶች ለምነው ወደ እድሜ ልክ ሲቀየር፣ በቀጣዩ አመትም ብዙዎቹ በአመክሮ ሲወጡ፣ ደስ ያለውም አንጀቱ ያረረም ቤተሰብ ነበር፣ ሁለቱንም ይሰማሉ። ከእናንተም መሃል ወንድም ያጣ ይኖራል፣ አባቱ በዛ ዘመን የቀበሌ ሹም የነበረም ይኖራል፣ ልጆቻችሁ ግን አንድ ዴስክ ላይ ነው የሚቀመጡት። ስለዚህ "ያንተ አያት ምን ነበር" ብሎ መጠየቅ በዚህ ጉዞ ክልክል ነው፣ ይሄን ቤትም ንገሩልኝ። ለልጃችሁ የምታወሩት ታሪክ ካላችሁ አርብ ማታ ብታወሩት ደስ ይለኛል፣ ካልቻላችሁም ማንም አያስገድዳችሁም።

ልጄ አጥንቱን አይይብኝ የምትሉ ፎርሙ ላይ ምልክት አድርጉ፣ ከመምህር ጋር ውጪ ይጠብቃል፣ ማርክ አይነካበትም። አጥንቱ ጋ ሰልፊም ቲክቶክም የለም፣ ሲገቡ ስልክ እንሰበስባለን። ምሳ ቋጥሩላቸው፣ የሚጾምም የማይጾምም ስላለ ባንቀላቅል ይሻላል፣ ውሃ አትርሱ። ባሱ ጠዋት 2 ሰዓት ከግቢ ይነሳል፣ አይጠብቅም። የተፈረመው ፎርም እስከ ሐሙስ ክፍል ኃላፊው እጅ ይግባ፣ ያልፈረመ ወላጅ ልጅ አይሄድም።

አክባሪያችሁ፣
የትምህርት ቤቱ ዳይሬክተር