«ከሙን» ከእንግሊዝኛ የመጣ ቃል አይደለም

ለተከበራችሁ የጋዜጣው አዘጋጆች፦

ባለፈው እትም የምግብ ዓምዳችሁ ስለ ቅመማ ቅመም ባወጣው ጽሑፍ፣ «ከሙን» የምንለው ስም «ኩሚን» ከሚለው የእንግሊዝኛ ቃል ተበላሽቶ የመጣ ነው መባሉን አንብቤ አዝኛለሁ። ፒያሳ ተወልጄ ያደግሁ ሰው ነኝ፤ እናቴ ከሙን እንድገዛላት ስትልከኝ እኔ የእንግሊዝኛ ፊደል ገና አልቆጠርሁም ነበር፤ እርሷማ ከነጭራሹ አታውቀውም።

የቃሉ ጉዞ ጽሑፉ ከተናገረው በተቃራኒ ነው። እንግሊዝኛው ቃሉን ያገኘው ከላቲኑ «ኩሚኑም» ሲሆን፣ ላቲኑም ከግሪኩ «ኪሚኖን» ወስዶታል፤ ግሪኮች ደግሞ ከሴማውያን ጎረቤቶቻቸው ተቀብለውታል። ይህ የሆነው እጅግ በጥንት ዘመን ነው። እንግሊዛዊው አርክቴክት ማይክል ቬንትሪስ እ.ኤ.አ. በ1952 ምስጢሩን የፈታው የግሪኮች ጥንታዊ ጽሕፈት፣ ልክ እንደ እኛ ፊደል በአንዱ ምልክት ተነባቢውንና አናባቢውን አጣምሮ የሚይዝ ነው፤ በዚህ ጽሕፈት ከክርስቶስ ልደት በፊት በ13ኛው መቶ ዓመት ገደማ በጥንታዊቷ የግሪክ ከተማ በሚኪኔ በሸክላ ጽላት ላይ ከተመዘገቡት ቅመሞች አንዱ «ኩ-ሚ-ኖ» ይባላል። በባቢሎንና በአሦር ይነገር የነበረው አካድኛ «ካሙኑ»፣ ዕብራይስጡ «ካሞን»፣ ዓረብኛው «ከሙን» ይሉታል። ከ፣ መ እና ነ የተባሉት ሦስቱ ድምፆች ከባቢሎን እስከ ለንደን ሳይለወጡ መዝለቃቸው ሁልጊዜ ይደንቀኛል።

ቃሉን ለእንግሊዞች የሰጠናቸው እኛ ነን እያልሁ አይደለም። ሆኖም የእኛ ከሙን ከዕብራይስጡና ከዓረብኛው ጋር አንድ ቤተሰብ ነው፤ በኢሳይያስ ምዕራፍ 28 ገበሬው ከጥቁር አዝሙድ ጋር የሚዘራው፣ በማቴዎስ 23፥23 ከእንስላል ጋር አሥራት የሚወጣበትም እርሱ ነው፤ በዚህ በማቴዎስ ቁጥር ግሪኩ የሚያነበው ያንኑ «ኪሚኖን» ነው። እንግሊዞች «ካሜል» የሚሉት የግመል ስምም በላቲንና በግሪክ በኩል ከሴማውያን እንደደረሳቸው ጸሐፊው ቢያስተውሉ መልካም ነበር።

ስሕተቱን ይበልጥ የሚያሳስበኝ በከተማችን መደብሮች በታሸጉ ቅመሞች ላይ «ኩሚን» የሚል ጽሑፍ እየበዛ በመምጣቱ ነው፤ ልጆቻችን ጋዜጣ ላይም ሲያገኙት የእናቶቻቸው ቃል የተሳሳተ ይመስላቸዋል። ስለዚህ በሚቀጥለው እትም እርማት እንድታወጡ፣ ከእንግዲህም በምግብ ዓምዳችሁ «ከሙን» ብላችሁ እንድትጽፉ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

የዘወትር አንባቢያችሁ
ከፒያሳ፣ አዲስ አበባ