ከመሳሳም በፊት የተበላው ይመለስ

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤ ሰላመ እግዚአብሔር ከእናንተ ጋር ይሁን።

በሃይማኖት ዓምዳችሁ በወዳጁ ስለ ተካደ ሰው ሲጻፍ ምክሩ ብዙ ጊዜ «ይቅር በል፣ ለእግዚአብሔር ስጠው» ላይ ያልቃል። ምክሩ ጎደሎ ነው። እኛ በደብረ ማርቆስ ዙሪያ በንስሐ አባትነትና በሽምግልና የምናገለግል ስንሆን፣ ዕርቅ ከሚፈርስባቸው ምክንያቶች ዋናው የቅደም ተከተሉ መገልበጥ ነው እንላለን።

«የዘመድ ጥል የሥጋ ትል» ይባል የለ? ትሉ ከዚያው ከሥጋው ነው የሚወጣው። ዳዊትም «እንጀራዬን የበላ ተረከዙን በእኔ ላይ አነሣ» ብሎ ያለቀሰው የታመነበትን ሰው ነው፤ በግዕዙ ቁጥር 40ኛው፣ በሌላው 41ኛው መዝሙር። ጌታ በማዕዱ ላይ ይሁዳን ያመለከተው በዚሁ ቃል ነበር። በጎጃምም ቢሆን የሚካካደው አብሮ ጽዋ የጠጣ፣ መሬት በእኩል የተስማማ፣ ዋስ የሆነ፣ ልጅ ክርስትና ያነሣ ሰው ነው።

የመጀመሪያው ስሕተት በመዝሙረ ዳዊት ይጀምራል። የተካደው ሰው ደጋሚ ፈልጎ 108ኛውን መዝሙር (በሌላው ቁጥር 109ኛውን) በከሃዲው ስም ያስደግማል፤ 11ኛው ንጉሥ በሚባለው የዳዊት ክፍል ውስጥ ያለው፣ «ዘመኖቹ ጥቂት ይሁኑ፣ ሹመቱንም ሌላ ይውሰድ» የሚለው ነው። ነገር ግን ጴጥሮስ ይህን ቃል ያነበበው ይሁዳ ከሞተ በኋላ፣ ባዶውን ወንበር ለማትያስ ለመስጠት ነው። በሕይወት ላለ ሰው ወጥመድ አላደረገውም። መዝሙሩ ራሱ ገና ከመጀመሪያው «በወደድኋቸው ፋንታ አጣሉኝ፣ እኔ ግን እጸልያለሁ» ይላል። ገንዘብ ተቀብለው የሚደግሙ ይህችን መስመር ለምን እንደሚዘሏት እነርሱ ያውቃሉ።

ሁለተኛው የመንገድ ስሕተት ነው። በማቴዎስ 18 ደረጃው ግልጽ ነው፦ መጀመሪያ «አንተና እርሱ ብቻችሁን»፣ ካልሰማ አንድ ወይም ሁለት ሰው ይዘህ፣ ከዚያ ለቤተ ክርስቲያን። በእኛ ዘንድ ግን ነገሩ መጀመሪያ ሰንበቴ ላይ ጠላ ሲቀዳ ይወራል፣ ቀጥሎ ሽማግሌ ይላካል፣ በዳዩ ራሱ መጨረሻ ላይ ይሰማል። በአደባባይ ስሙ የተነሣ ሰው ደግሞ የበደለውን ትቶ ስሙን ሲከላከል ይከርማል። ብቻውን ቢያገኙት ኖሮ «አዎ፣ ወስጃለሁ» ይል የነበረው ሰው፣ 20 ሰው ከሰማ በኋላ ቢገደል አይልም።

ሦስተኛው ግን ከሁሉ የከፋው ነው፤ ጥፋቱም በአብዛኛው የእኛ የሽማግሌዎቹ ነው። እንቸኩላለን። በዳዩ ድንጋይ ተሸክሞ ይመጣል፣ ሁሉም «ስለ እመቤታችን!» ይላል፣ «ተሳሳሙ» ይባላል፣ እንዳያዳግም ካህኑ «ገዝቻችኋለሁ» ይላሉ። ምን እንደ ተበላ፣ ስንት እንደ ሆነ፣ መቼ እንደሚመለስ ማንም አልተናገረም። ግዝቱ አፍ ይዘጋል፤ ቂሙ ለዓመት በልግ ሲደርስ፣ ድንበር ሲገፋ እንደገና ይወጣል። የቅኔ አገር ሰዎች ነንና በቅኔ ቋንቋ እናስረዳው፦ የይሁዳ መሳም ሰምና ወርቅ ነበር። ሰሙ ሰላምታ፣ ወርቁ «የምስመው እርሱ ነውና ያዙት» የሚል ምልክት። ሒሳቡ ሳይነገር የሚደረግ መሳሳምም ወርቁን ደብቆ ሰሙን ማሳየት ነው። በሰሙነ ሕማማት የማንሳሳመው ለምን እንደ ሆነ ሽማግሌ ሁሉ ያውቃል።

ስለዚህ በመጀመሪያ በዳዩ ያደረገውን በስሙ ይጥራ። «ካስቀየምኩህ ይቅር በለኝ» አይበቃም፤ «ካስቀየምኩህ» የምትለው ቃል ጥርጣሬ አለባት። «ያስቀመጥህብኝን 10 ኩንታል ጤፍ ሸጬ በልቻለሁ» ይበል። ቀጥሎ መመለስ ነው። ኦሪት ዘኍልቍ 5 ዋናውን ከአምስተኛ እጅ ጋር ይላል፤ ስለዚህ 10 ኩንታሉ 12 ይሆናል፣ 50,000 ብሩ 60,000። ዘኬዎስ አራት እጥፍ ያለው በገዛ ፈቃዱ ነው፤ ሽማግሌ በማንም ላይ አይጫነው። ማጣቱ እውነት ከሆነ በሁለት ወይም በሦስት መኸር ተከፍሎ ይጻፍ፣ ዋስም ይጠራ። ለንስሐ አባቶችም፦ ስግደትና ጾም የምንሰጠው ለኃጢአቱ ነው። 40 ቀን የሰገደ ሰው የባልንጀራውን ጤፍ ከጎተራው ካላወጣ ቀኖናው አልተፈጸመም። መሳሳሙ ከዚህ በኋላ ይምጣ።

ይሁዳኮ 30ውን ብር መልሷል። «በድያለሁ» ብሎ ኃጢአቱንም በስሙ ጠርቷል። የሄደባቸው ካህናት ግን «እኛስ ምን አግዶን? አንተው ተጠንቀቅ» ብለው አሰናበቱት፤ ቀጥሎ የሆነው ይታወቃል። ገንዘብ ይዞ ሊመልስ የመጣን ሰው «ነገ ና» የሚል ካህን ይህን አንቀጽ ሁለት ጊዜ ያንብበው።

ይቅርታና አደራም ይለዩ። የማኅበሩን ገንዘብ ያጎደለ ሰው ይቅር ተብሎ ጽዋውን ይጠጣ፤ ሣጥኑን ግን ሙሴው፣ የማኅበሩ መሪ፣ ዳግመኛ ለእርሱ አይስጥ። ይህ ቂም አይባልም። ዮሴፍ በ17 ዓመቱ በ20 ብር ተሸጦ፣ ራሱን ለወንድሞቹ የገለጠው በ39 ዓመቱ ገደማ ነው፤ ከዚያም በፊት ስምዖንን አሥሮ፣ ብንያምን አስመጥቶ ፈትኗቸዋል። «እንሽጠው» ያለው ይሁዳ ወልደ ያዕቆብ «በብላቴናው ፋንታ እኔ ባሪያ ልሁን» እስኪል ድረስ ዮሴፍ አላለቀሰላቸውም ማለት አይደለም፤ ተደብቆ አልቅሷል። ማንነቱን ግን አልነገራቸውም።

ያለ በደሉ ከማኅበር ለተገፋ ሰው ወዳጆቹ ከኢዮብ ወዳጆች የመጀመሪያውን 7 ቀን ይውሰዱ፦ ዝም ብለው አብረውት ተቀመጡ። የተሳሳቱት መናገር ሲጀምሩ ነው።

ከተማችን፣ ቀድሞ መንቆረር ትባል የነበረችው፣ ስሟን ያገኘችው ከቅዱስ ማርቆስ ነው። ይህ ማርቆስ በጵንፍልያ ጳውሎስን ጥሎ የተመለሰ ሰው ነው፤ ጳውሎስም በሁለተኛው ጉዞ አልወስደውም ብሎ ከበርናባስ ጋር እስከ መለያየት ደርሷል። ዓመታት አልፈው ለቆላስይስ «ቢመጣ ተቀበሉት» ጻፈ፤ በመጨረሻም ለጢሞቴዎስ «ይዘኸው ና፣ ይጠቅመኛል» አለ። በዚያው ደብዳቤ ግን ክፉ ያደረገበትን አንጥረኛውን እስክንድሮስን «ተጠበቀው» ይለዋል።

ስለ ጊዜው አንድ ነገር እንጨምር። በየዓመቱ ብዙ ሰው ዕርቅ የሚጠይቀው በሰሙነ ሕማማት ነው፤ በዚያ ሳምንት ካህን «እግዚአብሔር ይፍታህ» አይልም፣ መስቀልም አያሳልምም። ከደብረ ዘይት እስከ ሆሣዕና 3 ሳምንት አለ፦ አንዱ ለብቻ ተገናኝቶ ለመነጋገር፣ አንዱ ለሽማግሌና ለሒሳቡ፣ አንዱ ለመመለስ። ሙሴዎች በደብረ ዘይት ሰንበት ጽዋው ሳይዞር በፊት ይህን ለማኅበርተኛው እንዲያሳስቡ እንለምናለን።

ካህናትና የአገር ሽማግሌዎች፣ ከምሥራቅ ጎጃም